አሮጌ መኪና ያላችሁ ሰዎች ሊብሬውን አትጣሉ፣ ቁጥሩን አታስፍቁ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ ስለ አስቶን ማርቲን ዲቢ5፣ ማለትም ለሰብሳቢዎች ለሽያጭ ስለ ቀረበው የቆየ የእንግሊዝ አውቶሞቢል የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስለ መኪና ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ አደጋና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ነውና። ደግሜ ሳነበው ግን ቅር አለኝ። ጽሑፉ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ መኪናው አልተናገረም፤ አንባቢም ከዚያ ተነሥቶ የሚደርስበት መደምደሚያ፣ ባለጠጎች በአሮጌ ብረት ላይ ገንዘብ ይበትናሉ የሚል ብቻ ነው። በጎንደር ከተማ ከ40 ዓመት በላይ በመካኒክነት ሠርቼ በጡረታ የተቀመጥሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ያ ገንዘብ የሚከፈለው ለብረቱ እንዳልሆነ፣ የሚከፈልበትም ነገር እዚሁ በእጃችን ሳለ እኛ እየጣልነው እንደሆነ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መኪናው ልናገር። እንግሊዞች «ግራንድ ቱሪንግ»፣ በአጭሩ ጂቲ፣ የሚሉት አውቶሞቢል የእሽቅድምድም መኪና አይደለም። ሁለት ሰው ከነሻንጣው ይዞ፣ ረጅም መንገድ በፍጥነት፣ ተሳፋሪውን ሳያደክም እንዲጓዝ የተሠራ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ያለውን ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አስቡት፤ ማለዳ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ማታ ያለ ወገብ ሕመም የሚያደርስ መኪና ማለት ነው። ዲቢ5 የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 ባለው ጊዜ ብቻ ሲሆን ብዛቱም ከአንድ ሺህ ብዙ አይዘልም።

«ዲቢ» የሚሉት ሁለት ፊደላት የዴቪድ ብራውን ስም መነሻዎች ናቸው። ብራውን የትራክተርና የጥርሳም ማርሽ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 መገባደጃ ላይ በለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ አንድ የመኪና ድርጅት ለሽያጭ መቅረቡን የሚገልጽ፣ የድርጅቱን ስም እንኳ ያልጠቀሰ አነስተኛ ማስታወቂያ ተመለከተ፤ በተከታዩ ዓመትም አስቶን ማርቲንን በ20,500 ፓውንድ ገዛው። ይህን ለጋዜጣ ሰዎች በመጻፌ ደስ ይለኛል፤ የዚያ መኪና ዕድል የተቃናው በጋዜጣ ገጽ ጥግ ላይ በወጡ ጥቂት መስመሮች ነውና።

የዲቢ5ን ሞተር የነደፈው ታዴክ ማሬክ የተባለ ፖላንዳዊ መሐንዲስ ነው። በአንድ መስመር የተደረደሩ 6 ሲሊንደሮች፣ 3,995 ሲሲ፣ ኤስዩ የተባለ ፋብሪካ የሠራቸው 3 ካርቡራተሮች (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉ) ያሉት ሲሆን ኩባንያው ያስታወቀው ጉልበት 282 የፈረስ ጉልበት ነበር። ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ የጀርመኑ የዜድ ኤፍ ፋብሪካ ሥራ ነው። የአካሉን ቅርጽ ያወጣው ደግሞ ቱሪንግ የተባለው የሚላኖ ከተማ የአካል ሠሪ ድርጅት ነው። ሁሉም ኒውፖርት ፓግኔል በምትባል አነስተኛ የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ በእጅ ይገጣጠም ነበር። አንድ ነገር የአንድ አገር ብቻ ነው ብሎ መናገር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከዚህ ይታያል።

አካሉን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ የሙያው ውበትም ሕመሙም ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጣሊያኖቹ ዘዴውን «ሱፐርሌጄራ» ይሉታል፤ «እጅግ ቀላል» ማለት ነው። መጀመሪያ ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የመኪናውን ቅርጽ የያዘ አጥንት ይበየዳል፤ ከዚያም በመዶሻ ቅርጽ የወጣለት የአሉሚኒየም ላሜራ እንደ ቆዳ ይለበስበታል። አካሉ ቀላልና ጠንካራ ይሆናል። ነገር ግን አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት መሐላቸው ሲገባ አይስማሙም፤ አሉሚኒየሙ ከውስጥ መበላት ይጀምራል። የጎንደር መካኒክ ይህን ለማወቅ አስቶን ማርቲን ማየት አያስፈልገውም። በደባርቅና በስሜን መንገድ ስንት ዓመት ያገለገለው ላንድሮቨር የአሉሚኒየም ላሜራ ለብሶ የወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 መሠራት ሲጀምር በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ነበርና። በላንድሮቨር በር ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ እንደ ብጉር ብቅ ብቅ ሲል በጥፍራችሁ ነካ ብታደርጉት፣ ቅርፊቱ ይነሣና ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ያ ዱቄት ላሜራው ራሱ ነው። በሚሊዮን በሚገመተው መኪና ላይ የሚፈራውም በሽታ ይኸው ነው፤ ገዢው በሩ ሥር ተንበርክኮ በባትሪ መብራት የሚፈልገው ይህን ዱቄት ነው።

የቅርጹ ነገር ከጣሊያን መምጣቱ ለእኛ ባዕድ ሊሆንብን አይገባም። ጋራዥ ውስጥ የምንናገረውን ቋንቋ አድምጡ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ሞቶሪኖ፣ ቸርኬ እንላለን። እነዚህን ቃላት የተዉልን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ተሸንፈው እጃቸውን የሰጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ አውቶፓርኮ የምንለው ሰፈራችን እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የእንግሊዝ መኪና በጣሊያን ቃል እየፈታን በአማርኛ እየተማከርን ስንሠራ የኖርን ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልምጣ። በ1963 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ሳለሁ ፒያሳ አጠገብ በነበረ ጋራዥ ለሥራ ልምምድ ገባሁ። በዚያ ዘመን አንድ የውጭ አገር ሐኪም ኤምጂቢ ጂቲ የምትባል ባለ ሁለት በር የእንግሊዝ መኪና ነበረችው። ይህች መኪና ከአስቶን ማርቲን ጋር ስትነጻጸር የድሀ ዘመድ ናት፤ 1,798 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ በአቢንግደን ከተማ በብዛት የተመረተች። ነገር ግን እርሷም ጂቲ ናት፤ የጣሪያዋም ንድፍ በጣሊያን ቱሪን ከተማ ያለው የመኪና ንድፍ ድርጅት፣ የፒኒንፋሪና፣ እጅ ያለበት ነው። ቀለሟ ነጭ ነበር። ቁልፏ ሲከፈት ሞተሩ ሳይነሣ ከኋላ በኩል የቤንዚን ፓምፗ ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ካርቡራተሩ ሲሞላ ድምፁ እየረገበ ሄዶ ያቆማል። ሐኪሙ እስኪያቆም ጠብቆ ነበር የሚያስነሣት። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አንድ ቀን አለቃዬ ባትሪ እንድቀይር አዘዘኝ። የመኪናዋ ባትሪ እንደ ሌላው ከኮፈኑ ሥር አይደለም፤ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ከወለሉ በታች፣ ባለ 6 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ተያይዘው ይቀመጣሉ። እኔም እንደ ለመድሁት ኔጋቲቩን ከአካሉ ጋር አሰርሁት። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤምጂቢዎች ግን ከአካላቸው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ሬዲዮኑ ጭስ አወጣና ሞተ። አለቃዬ አልመታኝም፣ አልጮኸብኝምም። ከክሩስኮቱ መሳቢያ ውስጥ ትንሽ የመምሪያ መጽሐፍ አውጥቶ ሥዕሉን አሳየኝና «ልጄ፣ መኪናዋ ወረቀቷን ይዛ ነው የመጣችው፤ ሳታነብ አትንካት» አለኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሻንሲ ቁጥሯን፣ የሞተር ቁጥሯንና የሠራንላትን ሁሉ በደብተር ላይ አስጻፈኝ። ደብተሩ የጋራዡ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ከዚያች መኪና ብዙ ተምሬአለሁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ይላል፤ እንግሊዝ አገር ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። በኤስዩ ካርቡራተር ሥር ስድስት ገጽ ያላት ነት አለች። አንድ አንድ ገጽ ወደ ላይ እያዞራችሁ ሞተሩን ታዳምጣላችሁ፤ ቤንዚኑ ሲመጠን ድምፁ ይጠራል። ዲቢ5 ላይ የተገጠሙት ሦስቱም ካርቡራተሮች የዚሁ ሠሪ ናቸው። ስለዚህ ስለ አስቶን ማርቲን ስናገር ያልነካሁትን ነገር የምናገር አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አየሁባት። ምንጣፏን አንሥቼ ወለሏን ስጠርግ ከነጩ ቀለም ሥር ሰማያዊ ቀለም አገኘሁ፤ በበሩ ማጠፊያ ውስጥም እንዲሁ ሰማያዊ ነበረ። ከፋብሪካ ስትወጣ ነጭ አልነበረችም ማለት ነው። ይህንንም በደብተሬ ጻፍሁት።

በ1967 ዓ.ም. ሐኪሙ ከአገር ሲወጣ መኪናዋን ከነሊብሬዋና ከነመጽሐፏ ለቤት አከራዩ አደራ ሰጥቶ ሄደ። አከራዩ ሲያርፉ ባለቤታቸው ጠበቋት። ጓሮ ውስጥ ከዋንዛ ዛፍ ሥር ጎማዋ ተንፍሶ ተቀመጠች፤ ወረቀቷ ግን በፖስታ ተደርጎ ከእትዬ ሣጥን ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ነበር። በ1985 ዓ.ም. አንድ ወጣት ሊያድሳት ገዛት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ሁለት ጥፋት በአንድ ወር ውስጥ ደረሰ። ለስም ዝውውር የቀረበው ሊብሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጠፋ፤ ተቀብያለሁ የሚል ደረሰኝም አልተሰጠም ነበር። ሊብሬ ከሌለ የሻንሲ ቁጥሩን አምጡ ተባለ። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበት ትንሽ ሰሌዳ ደግሞ ላሜራ ሠራተኛው የበሰበሰውን ሲቆርጥ አብሮ ተነቅሎ ተጥሏል፤ በቦታው ስቱኮ ተሞልቶ፣ ተሞርዶ፣ አምሮ ቀለም ተቀብቷል። ዋናውን ሰሌዳ ወይም ሊብሬውን ካልሆነ በስተቀር የእኔን ደብተር የሚቀበል አልተገኘም። ሁለት ዓመት ተመላልሰው ተስፋ ቆረጡ።

በኋላ ለቆራሌ በኪሎ መሸጧን ሰምቼ ስደርስ ጣሪያው በመሮ ተቆርጦ ወርዶ ነበር። ከላሜራዋ የከሰል ምድጃ ሠሩበት። እትዬን ልጠይቅ ብገባ እንዲህ አሉኝ፦ «ወረቀቱን በእጄ ሰጠኋቸው፣ ልጄ፤ ከእኔ ዘንድ 18 ዓመት ሲቀመጥ አልጠፋም ነበር።»

ለዚህ ነው በጽሑፋችሁ ቅር ያለኝ። ሰብሳቢ የሚባለው ሰው የሚገዛው ሊነዳው የሚፈልገውን መኪና ብቻ አይደለም። የሻንሲው ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥር፣ የቀለሙ ዓይነትና የፋብሪካው መዝገብ እርስ በርሳቸው ተስማምተው መመስከራቸውን ነው የሚገዛው። ዲቢ5 አዲስ በነበረበት ጊዜ ዋጋው ከ4,000 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ የታየው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ላይ በጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። በዚያው ዓመትና በዚያው ፋብሪካ ከተሠሩት እኅቶቹ በአሉሚኒየምም በሞተርም አይበልጥም፤ የሚበልጠው ያ መኪና እርሱ ራሱ መሆኑ በመረጋገጡ ነው። ሰሌዳው ተነቅሎ ስቱኮ ቢሞላበት ኖሮ ያን ገንዘብ ማን ይከፍል ነበር?

የጎንደር ሰው ይህን ከሌላው በበለጠ ሊረዳ ይገባዋል። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስለ ተካበ ብቻ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶ ገብቶባቸው ነበር፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ብዙ ደክመው ሲሚንቶውን እያወጡ በጥንቱ ኖራ ተኩበት። ሲሚንቶው ጠንካራ ስላልሆነ አልነበረም፤ የዚያ ግንብ ስላልሆነ ነው። ላሜራ ላይ የሚሞላው ስቱኮም እንዲሁ ነው። ላሜራ ሠራተኞቻችን እጃቸው ወርቅ ነው፤ የበሰበሰውን ቆርጠው ተመሳሳይ ላሜራ ቀጥቅጠው መተካት ይችላሉ። ደንበኛው ቶሎና በርካሽ ሲል ግን ስቱኮ ይሞላሉ፤ የሚጠየቀውም ደንበኛው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያሳስበኝ ሌላም ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በየጓሮው የቆሙት ላንድሮቨሮች፣ ፊያቶችና ቮልስዋገኖች ሌላ ተተኪ የላቸውም። ውሳኔውን ለመንቀፍ አልጻፍሁም። ነገር ግን የቆመች መኪና ሁሉ ቁራጭ ብረት መስላ በምትታይበት ጊዜ፣ ባለቤቱ ወረቀቱን ፈልጎ ቢያስቀምጥ፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር በስልኩ ፎቶ ቢያነሣ፣ ሊብሬ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ሲያስረክብ የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ቅጂ ቢይዝ ምንም ወጪ የለውም። የቴክኒክና ሙያ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን በየሰፈሩ አሰማርተው የቆዩ መኪኖችን ቁጥር፣ የሥሪት ዘመንና የመጀመሪያ ቀለም ቢያስመዘግቡ ለልጆቹ ከመማሪያ ክፍል የማይገኝ ትምህርት ይሆናል፤ ለከተማውም መዝገብ ይሆናል። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ስለ እንዲህ ያለ መኪና ስትጽፉ ስንት አወጣ ከማለታችሁ በፊት በምን ታወቀ ብላችሁ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

በእንግሊዝ አገር ጌይደን በተባለ ቦታ የሚገኘው የእንግሊዝ መኪኖች ሙዚየም የኤምጂ ፋብሪካን የምርት መዝገብ ጠብቆ ይዟል፤ የሻንሲ ቁጥር ለላከም ሰው ማረጋገጫ ይሰጣል። በውጭ አገር የምትኖረው ልጄ ከአሮጌው ደብተሬ ላይ ቁጥሩን ወስዳ ጻፈችላቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት ደረሰኝ፤ መኪናዋ የተሠራችበት ቀን፣ የሞተሯ ቁጥር፣ ወደ ውጭ አገር የተላከች መሆኗ ተጽፎበታል። ቀለም በሚለው መስመር ላይ ሰማያዊ ይላል። የሞተሩ ቁጥር በ15 ዓመቴ ከጻፍሁት ጋር በአንድ አኃዝ እንኳ አይለያይም።

ወረቀቱን በፍሬም አስገብቼ በቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ዓይኔ ቢደክምም የሻንሲ ቁጥር የት እንደሚመታ አሁንም አውቃለሁ። በጓሮው የቆመ አሮጌ መኪና ያለው የጎንደር ሰው ሁሉ አራዳ መጥቶ ጡረተኛውን መካኒክ ብሎ ቢጠይቅ ቤቴን ያሳዩታል፤ ያለ ክፍያ አብሬው ሄጄ ቁጥሩን አነብለታለሁ፣ በደብተሬም እጽፍለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መካኒክ፣ ጎንደር